የስታንሊ ወንድማማቾችን የድሮ ቅጂ እየሰሙ በሁለት ድምፅ መዝፈን፣ እኔና እህቴ ጅማ ላይ እንዴት እንደለመድነው

ይሄን የምጽፈው ቤት ውስጥ ከእህት ከወንድማችሁ ጋር ለምትዘፍኑ ሰዎች ነው፣ በተለይ ደሞ አንዳችሁ ስትጀምሩ ሌላው ያንኑ ዜማ ተከትሎ ለሚሄድ እና ከዛ የፈረንጅ ዘፈን ስትሰሙ "እነዚህ ሰዎች ምን አድርገው ነው እንዲህ የሚገጥሙት" ብላችሁ ለተገረማችሁ። እኛ እንደዛ ነበርን። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው ያደግነው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን እንዘፍናለን፣ ግን አብረን ስል አንድ ዜማ ለሁለት ሰው ማለቴ ነው፣ እሷ ቀጠን አድርጋ እኔ ወፈር አድርጌ፣ በቃ። የኛ አገር ዘፈን ያው አብዛኛው አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል ነው፣ ሁለት የተለያየ ዜማ በአንዴ መዝፈን ኳየር ካልገባችሁ የሚያሳያችሁ ሰው የለም።

የዛሬ ሁለት ዓመት አካባቢ አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠኝ የዘፈን ፎልደር ውስጥ ብሉግራስ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ዓይነት ነው) የሚል ነበር፣ እሱን ከፍተን እህቴ ሁለት ዘፈን ሰምታ "ይሄ ሰውዬ እያለቀሰ ነው እንዴ የሚዘፍነው" አለችኝ፣ ሦስተኛው ላይ ዝም አለች፣ ከዛ ራሷ መልሳ ከፈተችው። በዚህ ነው የጀመርነው።

ስታንሊ ወንድማማቾች ማን እንደሆኑ በአጭሩ ልንገራችሁና ወደ ሥራው እንግባ። ካርተር ስታንሊ በ1925፣ ራልፍ ስታንሊ በ1927 ነው የተወለዱት (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው እንዳትደናገሩ)፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ዲከንሰን ካውንቲ የሚባል ተራራማ ቦታ። ታላቁ ካርተር ጊታር ይመታል፣ ዋናውን ዜማ ይዘፍናል፣ መድረክ ላይ የሚያወራውም እሱ ነው። ታናሹ ራልፍ ባንጆ (ከበሮ መሳይ ሆድ ያለው የክር መሳሪያ) ይመታል፣ ከላይ ይገባል። ባንጆ ያስተማረችው እናታቸው ናት። ያደጉበት ፕሪሚቲቭ ባፕቲስት የሚባለው ቤተክርስቲያን ደሞ መሳሪያ ጭራሽ አይገባበትም፣ መሪው አንድ መስመር ያወርዳል ሕዝቡ በዜማ ይቀበላል። ይሄን ለእናቴ ስነግራት "ታዲያ ይሄ ምኑ ነው አዲስ፣ የኛው አይደል እንዴ" አለች፣ እውነቷንም ነው፣ ራልፍ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ ወይ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲንሸራተት ለኛ ጆሮ እንግዳ የማይሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

ራልፍ በ1946 ከውትድርና እንደተመለሰ ክሊንች ማውንቴን ቦይስ የሚባል ባንድ አቋቋሙ፣ ወዲያው ብሪስቶል ከተማ የተከፈተ አዲስ ሬዲዮ ጣቢያ ላይ በምሳ ሰዓት መዝፈን ጀመሩ። በ1947 ጆንሰን ሲቲ፣ ቴነሲ ውስጥ ላለ ሪች አር ቶን ለሚባል ትንሽዬ ኩባንያ ሸክላ መቅዳት ጀመሩ፣ ከዛ ኮሎምቢያ የሚባለው ኩባንያ ወሰዳቸውና ከ1949 እስከ 1952 ድረስ 22 ዘፈን ቀዱለት። እኔ "የድሮ ቅጂ" ስል እነዚህን ሁለቱን ነው፣ ሪች አር ቶንና ኮሎምቢያ። ከ1953 በኋላ ሜርኩሪ ለሚባል ኩባንያ የቀዷቸው በጣም ያማሩ ናቸው፣ ባንዱም የበሰለ ነው፣ ለመማር ግን አይመቹም፣ ምክንያቱም እዛ ሲደርሱ ሥራው ከመልመዱ የተነሳ መገጣጠሚያው አይታያችሁም። የመጀመሪያዎቹ ላይ ስፌቱ ይታያል። አንዱ ትንሽ ቀድሞ ይገባል፣ አንዱ ኖታውን ፈልጎ ያገኘዋል፣ እና እናንተ የምትማሩት ከዛች ፍለጋ ነው።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ፋይል ያዙ። ይሄ ቀላል ይመስላል አይደለም። እኔ አንድ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ሄጄ ዓመተ ምህረቱን ጽፌ ሰጥቼው ፍላሹን ሞልቶ ሰጠኝ፣ ፋይሉ ላይም 1949 ይላል፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንለማመድ ከርመን በኋላ ነው ብዙው የ60ዎቹ እንደሆነ የገባን። ስታንሊዎች የራሳቸውን ዘፈን ለተለያየ ኩባንያ ደጋግመው ቀድተዋል፣ ስሙ አንድ ነው ቅጂው ሌላ። እንዴት ትለያላችሁ? ዘፈኑ መሃል መሳሪያ ብቻ ሲመታ ስሙት። ጊታር ነጠላ ነጠላ እያረገ ዜማውን ከተጫወተው የኋላው ነው፣ ኪንግ ለሚባል ኩባንያ ሲቀዱ ነው ጊታሩ ፊት የወጣው። ማንዶሊን (በአየለ ማሞ የምናውቃት ማንዶሊን ራሷ፣ አመታቷ ሌላ ነው እንጂ) እና ማሲንቆ የመሰለ ቫዮሊን ከሰማችሁ፣ ከዛ ደሞ አዝማቹ ላይ ከራልፍም በላይ የሚወጣ ሌላ ቀጭን ድምፅ ካለ፣ ያ የባንዱ ማንዶሊን ተጫዋች ፒ ዊ ላምበርት ነው፣ የድሮው ላይ ናችሁ። እሱ ጋ በኋላ እመለሳለሁ።

ሌላው የፋይል ጣጣ የኖታው ከፍታ ነው። እነዚህ ዘፈኖች መጀመሪያ የወጡት በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞር ሸክላ ነው፣ አንድ ፊቱ ሦስት ደቂቃ አካባቢ ነው የሚይዘው፣ ከሸክላ ወደ ፋይል ሲገለበጥ ፍጥነቱ ትንሽ ከተዛነፈ ድምፁም ይወጣል ወይ ይወርዳል። ጊታራችሁን በስልክ ቱነር አስተካክላችሁ ከፋይሉ ጋር አልገጥም ካላችሁ ጆሯችሁን አትጠራጠሩ፣ ዘፈኑ በጂ እና በጂ ሻርፕ መሃል ተቀምጦ ይሆናል። ፒች የሚቀይር አፕ ካላችሁ ፋይሉን አምጡት፣ ከሌላችሁ ጊታሩን ወደ ዘፈኑ ቃኙት። ክራር የሚመታ ሰው ይሄ ምንም አይመስለውም፣ ጊታር ላይ ያደገ ሰው ነው የሚናደደው።

አሁን ማዳመጥ። የመጀመሪያው ሳምንት አትዝፈኑ። ይሄን ስል እህቴ አልሰማችኝም፣ ከመጀመሪያው ቀን አብራ ጮኸች፣ በኋላ የያዘችውን ስህተት ለማስጣል አንድ ወር ፈጀብን። ስህተቱ ምን መሰላችሁ፣ የሰው ጆሮ ከሁለት ድምፅ ከላይ ያለውን ነው ዋና ዜማ አድርጎ የሚይዘው። አዝማቹ ሲመጣ ራልፍ ከላይ ይገባል፣ እናንተ ሳታውቁት የሱን ይዛችሁ "ዜማውን ያዝኩት" ትላላችሁ፣ ከዛ ሁለታችሁም ራልፍን እየዘፈናችሁ ካርተር የሚባል ሰው የለም። መፍትሄው ቀላል ነው፦ አብዛኛው ዘፈናቸው ቨርሱን ካርተር ብቻውን ነው የሚዘፍነው፣ አዝማቹ ላይ ነው የሚጣመሩት። ቨርሱን ብቻ ደጋግማችሁ ስሙ፣ የካርተርን ድምፅ፣ ቃል አጨራረሱን፣ አፍንጫው ላይ የሚያሳርፈውን ነገር እስክትለዩት። ከዛ አዝማቹ ሲመጣ ያንን ሰውዬ ፈልጉት፣ ከስር አለ፣ የትም አልሄደም።

በነገራችን ላይ አንዱን ጆሮ ማዳመጫ አውልቆ ድምፅ የመለየቱ ዘዴ እዚህ አይሠራም፣ ሞኖ ነው፣ ግራውም ቀኙም አንድ ነው። የሚሠራው ማቀዝቀዝ ነው፣ ማለቴ ፍጥነቱን 75 ፐርሰንት አድርጉት፣ ኖታው ሳይወርድ ፍጥነቱን ብቻ የሚቀንስ ማጫወቻ ሞልቷል። ከዛ በታች አታውርዱት፣ ድምፁ እንደ ሰካራም ይሆናል።

ለመጀመሪያ የሚሆን ዘፈን ዘ ኋይት ዶቭ ነው፣ 1949 ኮሎምቢያ። ቀስ ያለ ነው፣ አዝማቹ ረጅም ነው፣ ጊዜ ይሰጣችኋል። ሞሊ ኤንድ ቴንብሩክስ የሚለውን የ1948ቱን ግን ለልምምድ አትንኩት፣ ስለ ፈረስ እሽቅድምድም ነው፣ ይሮጣል፣ ደሞ የሚዘፍነው ላምበርት ብቻውን ነው፣ ሁለት ድምፅ የለውም። ታሪኩ ግን ደስ ይላል። ዘፈኑን የብሉግራስ አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ በ1947 ቀድቶት ኩባንያው ኮሎምቢያ እስከ 1949 ሳያወጣው አስቀመጠው፣ እነዚህ ልጆች ግን ከሱ አጨዋወት በጆሯቸው ይዘውት ቀድመውት አወጡት። ሞንሮ እንዴት እንደተናደደ አትጠይቁኝ፣ ኮሎምቢያ እነሱን ሲያስፈርም ጊዜ ጥሎ ዴካ ወደሚባል ሌላ ኩባንያ ሄደ። በ1951 ደሞ ያው ካርተር ሄዶ ሞንሮ ባንድ ውስጥ ዘፈነ፣ የሙዚቀኛ ጠብ እንዲህ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ኖታ የሚባል ነገር ሳያዩ ሰምተው ብቻ መያዛቸው ነው፣ እኛስ ምን አነሰን።

የሌሎችን ወንድማማቾች የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ሞንሮ ራሱ ከወንድሙ ከቻርሊ ጋር ከ1936 እስከ 1938 ስልሳ ዘፈን ቀድቷል፣ ጊታርና ማንዶሊን ብቻ፣ ሁለቱ ድምፆች ጥርት ብለው ይሰማሉ። ችግሩ ፍጥነታቸው ነው፣ ባቡር እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው ነው የሚዘፍኑት። ስታንሊዎቹን ከያዛችሁ በኋላ ሂዱበት።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ ሁለተኛው ድምፅ የት ነው የሚቆመው። ኳየር ውስጥ የነበራችሁ ተጠንቀቁ፣ ብሉግራስ ውስጥ ቴነር የሚሉት ከዋናው ዜማ በላይ ያለውን ነው፣ ዋናውን ሊድ ይሉታል። ኳየር ላይ ሶፕራኖ ዜማውን ይዛ ቴነር ከስር ነበር፣ እዚህ ተገልብጧል።

እኛ ብዙ ከተደናበርን በኋላ ያገኘነው ነገር ይሄ ነው፦ የነሱ ብዙ ዜማ በትዝታ ሜጀር ላይ ይቀመጣል፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ጊታር ላይ ወይ ክራር ላይ ምቱት። አሁን ሊዱ ዶ ላይ ሲሆን ቴነሩ ሚ ላይ ነው። ሊዱ ሬ ሲሆን ቴነሩ ሶል። ሊዱ ሶል ሲሆን ቴነሩ የላዩ ዶ። እስካሁን አንድ ኖታ እየዘለላችሁ መውጣት ነው፣ ቀላል። ሚ እና ላ ላይ ግን አትዘሉም፣ አጠገቡ ያለውን ነው የምትይዙት፣ ሚ ከሆነ ሶል፣ ላ ከሆነ የላዩ ዶ። በቃ። አምስት ኖታ፣ ሦስቱ ላይ ትዘላላችሁ ሁለቱ ላይ አትዘሉም። እህቴ ይሄን የወጥ ቤት በር ላይ በጠመኔ ጻፈችው፣ እናቴ እስካሁን አላጠፋችውም።

ልብ በሉ፣ ሊዱ ሬ ቢልም ሚ ቢልም... ቆይ፣ በምሳሌ ልበላችሁ። ሊዱ ዶ ሬ ሚ እያለ ሦስት ደረጃ ሲወጣ ቴነሩ ሚ ሶል ሶል ነው የሚለው። አያችሁት? ሊዱ ይሄዳል ቴነሩ ሁለተኛው ላይ ቆሟል። ሊዱ ሶል ላ ሶል ሲል ደሞ ቴነሩ ዶ ዶ ዶ። ለዚህ ነው ያንኑ ዜማ ወደ ላይ ወስዳችሁ ስትዘፍኑት የማይገጥመው፣ ራልፍ የካርተርን ዜማ ከላይ እየደገመ አይደለም፣ የራሱ የሆነ ብዙ የማይንቀሳቀስ፣ እንዲያውም ለብቻው ከሰማችሁት ትንሽ የሚያሰለች ዜማ አለው። እህቴ ለብቻዋ የሱን መስመር ስትለማመድ የሰማ ሰው አንድ ኖታ የጠፋባት ነው የሚመስለው። እናቴ ቡና እየቆላች "ምነው ዛሬ አንድ ቦታ ተተከልሽ" አለቻት፣ "እማዬ ቆይ እሱ ሲገባ ታያለሽ" አለች፣ እኔ ከስር ስገባ እናቴ መቁያውን ይዛ ቀና አለች፣ ምንም አላለችም፣ ግን ቡናው ትንሽ አረረ።

ሠንጠረዡ የሚከዳባችሁ ሁለት ቦታ አለ። በሲ (C) ኮርድ (ኮርድ ማለት አብረው የሚመቱ ኖታዎች ናቸው) እየዘፈናችሁ ጊታሩ ወደ ኤፍ ሲሄድና ሊዱ ዶ ላይ ከሆነ ቴነሩ ሚ ካለ ይጎረብጣል፣ ፋ ነው የሚሆነው። ጊታሩ ጂ ላይ ሆኖ ሊዱ ሶል ካለ ደሞ ቴነሩ ዶ ሳይሆን ሲ ነው (ከላዩ ዶ በግማሽ ኖታ ዝቅ የምትለው ሲ፣ የጊታሩ ሲ አይደለችም)። ሌላው ቦታ ላይ ችግር የለም። ባቲ ሜጀር፣ አምባሰል ወይ አንቺሆዬ ላይ ግን ይሄን ሠንጠረዥ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ግማሽ ግማሽ ኖታ ስላለባቸው ይጋጫል፣ እኛ አንቺሆዬ ላይ ሞክረን ውሻው ወጥቶ ሄደ።

ማን ላይ ማን ታች? ወንድና ሴት ከሆናችሁ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሴቷ ዜማውን ትዝፈን ወንዱ ሁለተኛውን በራሱ ከፍታ ይያዝ ነው። አይሆንም። ቴነሩ አንድ ኦክታቭ (ከላዩ ዶ እስከ ታቹ ዶ ያህል) ሲወርድ ከሊዱ በላይ መሆኑ ቀርቶ በታች ይሆናል፣ ሚ ከዶ ሦስተኛ ላይ የነበረው ከስር ስድስተኛ ይሆናል፣ መጥፎ ነው አይባልም ግን ያ የምትፈልጉት የተጨናነቀ ድምፅ ይጠፋል። ወንዱ ሊዱን ይያዝ፣ ሴቷ ከላይ በቅርብ ትግባ። በሲ ስንጀምር እሷ ጋ በጣም ወረደባት፣ የምታንሾካሹክ መሰለ፣ ካፖ (የጊታር አንገት ላይ የሚታሰር መያዣ) አድርገን ወደ ኢ አወጣነው፣ እኔ የአንገቴ ሥር ተገተረ እሷ ግን ተመቻት። እና የኔ መገተር ጥሩ ነው። የዚህ ሙዚቃ ጣዕሙ እዛ ላይ ነው፣ ሊዱ ትንሽ ከአቅሙ በላይ ሲሆን። ሁለት ወንድማማች ከሆናችሁ ደሞ ታላቁ ሁልጊዜ ሊድ ይሁን ብሎ ነገር የለም፣ ካርተር ታላቅ ስለነበረ አይደለም፣ ድምፁ እዛ ስለሚቀመጥ ነው።

ስትዘፍኑ ደሞ አትቀመጡ። ይሄን በተለይ ለጅማ ልጆች ነው የምለው፣ ያቺ ሦስት እግር በርጩማችን ለቡና ጥሩ ናት፣ ለትንፋሽ ገዳይ ናት፣ ጉልበታችሁ ሆዳችሁ ላይ ይመጣና መስመሩ ሳያልቅ አየር ያልቃል። እኛ አንድ ወር ሙሉ "ራልፍ ይሄን እንዴት በአንድ ትንፋሽ ይለዋል" ስንል የከረምነው በርጩማ ላይ ተቀምጠን ነው።

ቁሙ፣ ፊት ለፊት ወይ ትንሽ ጎን ለጎን፣ የአንዳችሁን አፍ ሌላው በሚያይበት። ያኔ ባንዱ በሙሉ ማይክ ከበው ነው የሚዘፍኑት፣ ድምፅ የሚመጠነው በቁልፍ ሳይሆን በእግር ነው፣ መጉላት ያለበት ይጠጋል፣ መቀነስ ያለበት ይርቃል። እናንተም አንድ ስልክ መደርደሪያ ላይ በደረታችሁ ከፍታ አስቀምጡና ቅረጹ፣ ሁለት ስልክ አታድርጉ። ሊዱ ክንድ ያህል ይራቅ፣ ቴነሩ ሁለት ክንድ፣ ምክንያቱም ቀጭን ድምፅ በራሱ ይወጋል፣ ከተጠጋ ሊዱን ይውጠዋል። ቀረጻውን ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ካርተር ይሰማል?" ነው። ካልተሰማ ቴነሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እንደገና። ቴነሩ ጀርባውን ግድግዳ ነክቶ ሊዱ አሁንም ካልተሰማ ችግሩ የርቀት አይደለም፣ ሊዱ ፈርቷል።

ከኖታውም በላይ ጊዜ የፈጀብን ግን አፍ ነው። ትክክለኛ ኖታ ይዘን እንኳን ሁለት ሰው ነበር የምንመስለው። አንድ ቀን እህቴ ቀረጻውን እየሰማች "አንተ እኮ አፍህን አትከፍትም" አለችኝ፣ እውነት ነው፣ ያንኑ ፊደል እኔ በጥርሴ መሃል እሷ በሰፊው ነበር የምንለው። ወንድማማቾች የሚጣፍጡበት ዋናው ነገር ደም ምናምን ይላሉ፣ እኔ ግን የአንድ ቤት አነጋገር ስላላቸው ነው ባይ ነኝ፣ አንድ እናት ናት ያናገረቻቸው፣ አናባቢውን እኩል ይከፍታሉ እኩል ይዘጋሉ። እናንተም አላችሁ ይሄ ነገር፣ በአማርኛ ስታወሩ አላችሁ፣ በእንግሊዝኛ ስትዘፍኑ ነው የሚጠፋው ምክንያቱም እንግሊዝኛውን የተማራችሁት ከተለያየ አስተማሪ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቃሉን ተዉት። አዝማቹን በሙሉ "ላ" ብላችሁ ዝፈኑ፣ ከዛ "ሎ"፣ ከዛ "ሊ"። "ሊ" ከባዱ ነው፣ እዛ ላይ ነው አንዱ የሚሾልከው። ሦስቱም ሲገጥም ቃሉን መልሱ። ቃል አጨራረስ ላይ ቴነሩ የሊዱን አፍ ይይ፣ ሊዱ ሲዘጋ ይዝጋ፣ ራሱን ችሎ አይጎትት። ራልፍ ብቻውን ሲዘፍን እንደፈለገ ይጎትታል፣ ማን ኦፍ ኮንስታንት ሶሮው የሚለውን የ1950ውን ስሙት፣ ከካርተር ጋር ሲሆን ግን በካርተር ጊዜ ነው የሚሄደው።

ስለ ጅማ ዝናብ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ነውር ነው። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው መጮህ ሲጀምር ቀረጻ የለም፣ እርስ በርስም አትደማመጡም፣ ስለዚህ ቀረጻ ጠዋት ነው። ግን ያ ጩኸት ለአንድ ነገር ይጠቅማል፦ ሁለታችሁም ድምፃችሁ ስለማይሰማችሁ በአፍና በትንፋሽ ብቻ መሄድ ትለምዳላችሁ። ዝናቡ ድንገት ቀጥ ሲል አሁንም አንድ ላይ ከሆናችሁ ይዛችሁታል። ስልኩ ድምፁ አልሰማ ካለ ደሞ ባዶ ብረት ድስት ውስጥ አቁሙት፣ ቤዙ አይኖርም እንጂ ድምፁ ይጎላል፣ የሸክላ ማጫወቻ ይመስላል ጭራሽ።

አሁን ፒ ዊ ላምበርት ጋ ልመለስ፣ ሦስተኛ ሰው ላላችሁ። አንድ ኮርድ ሦስት ኖታ ነው ያለው፣ ሊዱና ቴነሩ ሁለቱን ከወሰዱ የቀረችው የሦስተኛው ናት፣ ባሪቶን ይሉታል። በደንቡ ባሪቶን ከሊዱ በታች ነው የሚዘፈነው። እነዚህ ግን ያቺን ኖታ አንድ ኦክታቭ አንስተው ከሁሉም በላይ አስቀመጧት፣ ላምበርት ነው የሚዘፍናት፣ ሃይ ባሪቶን። ሊዱ ዶ ቴነሩ ሚ ከሆነ ላምበርት የላዩ ሶል ነው፣ ሊዱ ሚ ቴነሩ ሶል ከሆነ ላምበርት የላዩ ዶ። ዘ ኋይት ዶቭ አዝማች ላይ የሚሰማችሁ ጣራ የሚነካው ድምፅ ያ ነው፣ እና ራልፍ መስሏችሁ ስትከተሉት ከነበረ እንደገና ወደ መጀመሪያው ሳምንት ተመለሱ፣ እኛም ተመልሰናል።

ለኛ ጆሮ የሚከብደው ግን ከፍታው አይደለም። ሊድና ቴነር ብዙውን ጊዜ ትዝታ ውስጥ ናቸው ብዬ የለ፣ ሦስተኛው ድምፅ ላይ ነው ከትዝታ የምትወጡት። ጊታሩ ኤፍ ላይ ሊዱ ላ ቴነሩ ዶ ሲሉ የቀረችው ፋ ናት። ጊታሩ ጂ ላይ ሊዱ ሬ ቴነሩ ሶል ሲሉ የቀረችው ሲ ናት። ፋ እና ሲ፣ ትዝታ ውስጥ የሌሉት ሁለቱ ራሳቸው። የአክስታችንን ልጅ አስገብተን ነበር፣ ልጁ ድምፁ ላይ ምንም የሚወጣለት የለም፣ ግን ሲ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ወደ ላይኛው ዶ ይንሸራተታል፣ ቤቱ እዛ ነዋ። ጊታሩን ተወት አድርገን ሲን ብቻ አስር ጊዜ አስይዘነው፣ ከዛ እኔ ሬ እህቴ ሶል እያልን ሰካነው፣ መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ፣ ከዛ ሳቀ፣ "ይሄ ይኮረኩራል" አለ። አዎ፣ ይኮረኩራል፣ ሲገጥም እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ደረታችሁ አካባቢ።

እስካሁን ሦስታችንም ሳንሳሳት የጨረስነው አንድ አዝማች ብቻ ነው። ስልኬ ላይ አለ፣ መጨረሻው ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ገብቶበታል፣ ግን አላጠፋውም፣ ባጃጁም ሶል ላይ ነው።